ለእጩ መኮንንነት ምርጫ ከባሕር ዳር ሆኖ መዘጋጀት፦ የ12 ሳምንት መመሪያ

በእጩ መኮንን ምርጫ ብዙ ጠንካራ ልጅ የሚወድቀው ሩጫው ላይ አይደለም፤ ሁለት ጣውላና አንድ ጀሪካን ተሰጥቶት «ስድስት ሰው አሻግር» ሲባል ነው። ሩጫን ማንም ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ለብቻው ይለማመደዋል። ሰው ማዘዝን ግን ለብቻ መለማመድ አይቻልም። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከጫማ ሳይሆን ከሰው ነው፦ ሰባት ሆናችሁ ተሰባሰቡ። ሰባቱም የልብ ጓደኞች ከሆኑ ልምምዱ አይሠራም፤ ጓደኛሞች በጥቅሻ ይግባባሉና ማንም ማንንም ማዘዝ አያስፈልገውም። ቢያንስ ሦስቱ የማታውቋቸው ይሁኑ፤ ሴትም ወንድም፣ በዕድሜ ከፍ ያለም አንድ ሰው ይኑርበት።

መራጮች ምን ያያሉ?

የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መኮንን ሲመርጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማስቀመጥ ጀመረ። እንግሊዞች ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ በ1942፣ በአጭር ቃለ መጠይቅና በትምህርት ቤት ስም የተመረጡት እጩዎች ከሥልጠናው በብዛት ተመላሽ ሲሆኑባቸው ምርጫውን ወደ ብዙ ቀን ፈተና ለወጡት። መሪ ያልተሾመለት ቡድን ሥራ ይሰጠዋል፤ መራጮቹ ዳር ቆመው ማን ምን እንደሚያደርግ ይጽፋሉ። ሕንዶች ይህንኑ ወስደው አምስት ቀን የሚፈጅ ምርጫ አደረጉት። ሦስት መዛኞች አሉት፦ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ቃለ መጠይቅ አድራጊና የቡድን ሥራ ፈታኝ፤ ውጤታቸውን የሚያገናኙት መጨረሻ ላይ ነው። የሕንድ መኮንኖች በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የተከፈተውን የሐረር ጦር አካዳሚ ያስተማሩ ሰዎች ናቸውና ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከዚያ በፊት በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት አሠልጣኞች ስዊድናውያን ነበሩ፤ ጣሊያን ሲገባ ከዚያ የወጡ ወጣቶች የጥቁር አንበሳ አርበኞች ማኅበር አስኳል ሆኑ።

መንገዱ ከሀገር ሀገር ይለያያል። በእስራኤል መኮንን የሚወጣው በአመዛኙ አስቀድሞ በተራ ወታደርነት ካገለገለው መሐል ነው። አሜሪካኖች የአራት ዓመት አካዳሚም፣ የ12 ሳምንት የእጩ መኮንኖች ትምህርት ቤትም አላቸው። የእኛን በሚመለከት ማስታወቂያው ሲወጣ ራሳችሁ አንብቡት። ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃና የጤና መስፈርቱ በየዙሩ ሊለይ ይችላል፤ «አምና የሄደ ልጅ እንዲህ አለኝ» ብሎ መሰለፍ ዋጋ ያስከፍላል። ዋናውን የትምህርት ማስረጃና የቀበሌ መታወቂያውን ከቅጂ ጋር በላስቲክ አሽጉ። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ ከአሁኑ ይሞላ፤ ዓይንና ጆሮም ይታይ። ሐኪም ፊት ሄዶ መደንገጥ የሚመጣው ይህን ለመጨረሻው ሳምንት በማስተላለፍ ነው።

አካል

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረርም ከዚህ ብዙ አትርቅም። ሆለታ ግን ወደ 2,400 ሜትር ናት። ባሕር ዳር ላይ ሮጣችሁ በሰዓት የለካችሁት 3 ኪሎ ሜትር እዚያ በመጀመሪያው ሳምንት ይንቀረፈፋል፤ ሳንባችሁ ታሞ አይደለም፣ አየሩ ሳስቶ ነው። ስለዚህ ከሚጠየቀው በላይ በቂ ትርፍ ይዛችሁ ሂዱ።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት፦ በሳምንት ሦስት ቀን 4 ኪሎ ሜትር፣ እያወሩ መሮጥ በሚቻልበት ፍጥነት። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ከ5ኛ እስከ 8ኛ፦ አንዱ ቀን 8 ኪሎ ሜትር ዘገምተኛ ይሁን፤ ሌላው ቀን 400 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ በመሐሉ 90 ሰከንድ እረፍት፤ ሦስተኛው ቀን ቀድሞ እንደነበረው። ከ9ኛ እስከ 11ኛ፦ በሳምንት አንድ ቀን 3 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተለክቶ። 12ኛው ሳምንት ሁሉ ነገር በግማሽ ይቀነስ። በዚህ ሳምንት «ትንሽ ልጨምር» የሚል ሰው ደክሞ ነው ፈተና የሚገባው።

ፑሽ አፕ በየሁለት ቀኑ ነው። የምትችሉት ትልቁ 20 ከሆነ አሥር አሥር እያላችሁ አምስት ዙር፣ በመሐሉ አንድ ደቂቃ ማረፍ፤ በየሳምንቱ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ጨምሩ። ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መሳብ ለማይችል ደግሞ በወንበር ወጥቶ አገጭን ከብረቱ በላይ አድርጎ በ5 ሰከንድ ቀስ ብሎ መውረድ ነው፤ ብዙ ሰው ከስድስት ሳምንት በኋላ ራሱ ይስባል።

ቦታና ሰዓት፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት ከንጋቱ 12 ሰዓት በኋላ አትዘግዩ። በክረምት የሐይቁ ዳር ጭቃ ስለሆነ ዘምባባዎቹ ሥር ያለው የአስፋልት ዳር ይሻላል። ለዳገት ቤዛዊት አለላችሁ፤ ከቤተ መንግሥቱ አጥር ግን ራቁ፣ ፎቶም አታንሱ። ደንገልና ሣር በበዛበት ዳርቻ በጨለማ አትሩጡ፤ ጉማሬ የሚግጠው ሌሊት ነው፤ በእሱና በውኃው መሐል የቆመን ሰው አይምርም። ላብ ለማጠብ ጣና ውስጥ መግባትም ይቅር። ብልሃርዚያ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ መዋጥ አያስፈልገውም።

ጾምን በተመለከተ ብዙዎች በሁዳዴ ልምምድ ያቆማሉ። ማቆም አያስፈልግም፤ ሰዓቱን ማዛወር ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ የሚቆዩ ከሆነ ቀላሉን ሩጫ ከዕለቱ ጾም መፍቻ በፊት አንድ ሰዓት ሲቀር አድርጉት፤ ከባዱን ቅዳሜና እሁድ ላይ ጣሉት። ምስር፣ ሽሮ፣ ተልባና ሰሊጥ ከተሟሉ ጡንቻ አይጎዳም። ለረጅም ጉዞ በሶን ትንሽ ጨው ጣል አድርጎ መበጥበጥ በሙቀት ባዶ ውኃ ከማንቆርቆር ይሻላል።

ጭነት ይዞ መጓዝ ከ3ኛው ሳምንት ይጀምራል፤ በ8 ኪሎ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ 5 ኪሎ ሜትር። በየሳምንቱ ወይ ክብደቱን በ1 ኪሎ ወይ ርቀቱን በ1 ኪሎ ሜትር ጨምሩ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይሆንም። 10ኛው ሳምንት ላይ 15 ኪሎ በ5 ኪሎ ሜትር ወይም 12 ኪሎ በ8 ኪሎ ሜትር ብትደርሱ በቂ ነው። ለጭነት አሸዋ በላስቲክ አስራችሁ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ ሻንጣው ውስጥ ከላይ፣ ከትከሻ አጥንት አጠገብ ይቀመጥ። ታች የወረደ ጭነት ሰውን ወደ ኋላ ስለሚጎትት ወገብን ይበላል። ጭነት ይዞ መሮጥ በፍጹም አይቻልም። ከስክሱ አዲስ ከሆነ አንድ ሳምንት ቤት ውስጥ ይለበስ፤ ከሥር ስስ ካልሲ፣ ከላይ ወፍራም። ውኃ የቋጠረን እግር ቆዳውን አትግፈፉት፤ ጠርዙን በእሳት ባለፈ መርፌ ወግታችሁ አፍስሱና ሸፍኑት። ቅልጥም ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ ሲነኩት የሚያስጮህ ሕመም ካለ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫው ወዲያው ይቆማል። «አሞቀዋለሁ» ብሎ የሚሮጥበት ሰው ወራት ያጣል።

የጣውላው ሥራ

ዋናው ይህ ነው። ዕቃው ባሕር ዳር ውስጥ ከማንኛውም እንጨት መሸጫ ይገኛል፦ 3.5 ሜትር የሆነ አንድ ጣውላ፣ 2.2 ሜትር የሆነ ሌላ ጣውላ፣ ሁለቱም ወርዳቸው 20 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረታቸው 5 ሳንቲ ሜትር። ርካሹን 2.5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ አትግዙ፤ ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ ጥንካሬ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ሰው መሐሉ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። የላላ ጉጥ ያለበትንም ተዉት። ከዚያ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ውኃ፣ 6 ሜትር ገመድ፣ መስመር ለማስመር ኖራ፣ 12 ብሎኬት።

አቀማመጡ፦ ሣር ላይ በኖራ 3.6 ሜትር የተራራቁ ሁለት መስመሮች ይሠመሩ። ይህ «ገደል» ነው። በሁለቱም ዳር ብሎኬቶቹን 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አድርጋችሁ ደርድሩ። ጣውላው ዝቅ ሲል መሬት ይነካል፣ ቡድኑም ይወድቃል፤ የሚሰበር እግር ግን የለም። ይህን ልምምድ ዓባይ ላይ ወይም በጎርፍ ቦይ ላይ መሞከር ጀግንነት ሳይሆን ቂልነት ነው።

ግዳጁ፦ ሰባት ሰው፣ ጀሪካኑን ይዞ፣ በሁለቱ መስመሮች መሐል ያለውን መሬት ሳይነካ በ15 ደቂቃ ይሻገር። ረጅሙ ጣውላ ለብቻው 10 ሳንቲ ሜትር ያጥረዋል፤ የተፈለገውም ይኸው ነው።

1. ረጅሙን ጣውላ 2 ሜትር ወደ ገደሉ ግፉ፤ 1.5 ሜትሩ ጭራ ሆኖ በብሎኬቱ ላይ ይቀራል።

2. ጭራው ላይ ሰው ይቁም። ስንት ሰው? ሁሉም 60 ኪሎ ነው እንበል። ከጠርዙ 1.4 እና 1.1 ሜትር ርቀው የቆሙ ሁለት ሰዎች ክብደታቸው በርቀታቸው ተባዝቶ ሲደመር 150 ኪሎ በሜትር ይሆናል። ጫፉ ላይ የሚደርስ አንድ ሰው 60 በ2፣ ማለትም 120 ነው፤ የጣውላዎቹ ክብደት ወደ 20 ይጨምራል፤ 140። ሁለቱ ለጥቂት ይይዙታል። ያው ሰው ጀሪካን ቢሸከም ግን 80 በ2 ሆኖ 160፣ ሲደመር 20፣ 180 ነው። ጫፉ ይወርዳል። ሦስተኛ ሰው 0.8 ሜትር ላይ ሲቆም 198 ይደርሳል፤ ያኔ ይይዛል። ቡድኖች የሚወድቁት እዚህ ነው፦ የመጀመሪያው ሰው ባዶ እጁን ሲሻገር ሁለት ሰው በቃው፤ ሦስተኛው «ሥራ ፈታሁ» ብሎ ወረደ፤ ቀጣዩ ጀሪካን ይዞ መጣ።

3. አንድ ሰው አጭሩን ጣውላ ይዞ ጫፉ ጋ ይሄዳል። ገፍቶ ለማሳለፍ ከሞከረ መሐሉ ካለፈ በኋላ ተምዘግዝጎ ይወድቃል። ገመዱን ከላይኛው ጫፍ ላይ አጥፎ ጣል አድርጎ፣ ሁለቱን ጫፎች በእጁ ይዞ፣ ጣውላውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ከዚያ እንደ ድልድይ በር ቀስ እያለ ያወርደዋል። 30 ሳንቲ ሜትር ረጅሙ ላይ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ማዶ ላይ ይተኛል። ገመዱ ስላልተቋጠረ በአንድ ጫፉ ተስቦ ይወጣል።

4. አራት ሰው አንድ በአንድ ይሻገራል፤ ጀሪካኑ በሁለተኛው ሰው ጀርባ።

5. አሁን ሦስት ሰው ጭራው ላይ ቀርቷል። ከሦስቱ አንዱ ከወረደ ሚዛኑ አደገኛ ነው፤ ሁለቱ ከወረዱ ፈረሰ። ታዲያ የመጨረሻዎቹ በምን ይሻገራሉ? ሚዛኑን ወደ ማዶ በማዛወር። አጭሩን ጣውላ ረጅሙ ላይ እያንሸራተታችሁ ወደ እናንተ መልሱት። ገመዱን ከረጅሙ ጫፍ ጋር አስራችሁ ሌላውን ጫፍ ማዶ ወርውሩ፤ እነሱ ሲጎትቱ እናንተ ጭራውን በእጅ ይዛችሁ ሸኙት። ማዶ ያሉት 2 ሜትር ወደ እናንተ ያወጡታል፣ ሦስት ሰው ጭራው ላይ ይቆማል። እናንተ አጭሩን ከመሬት ላይ ቆማችሁ ጫፉ ላይ ታወርዳላችሁ። ትሻገራላችሁ።

የሚረሳው ነገር ገመዱ ነው። ከጀሪካኑ ጋር አብሮ ማዶ ይሻገርና 5ኛው እርምጃ ላይ ሁሉም ይተያያል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው መሪ እየተቀያየረ ይሠራ። መፍትሔውን ሁሉም ካወቀ በኋላ መለኪያዎቹን ለውጡ፦ ክፍተቱን 3.4 አድርጉ፣ አጭሩን ጣውላ አንሱና በርሜል ስጡ፣ አንድ ሰው «እግሩ ተሰብሯል» በሉ፣ መሪውን 7ኛው ደቂቃ ላይ አስወጡና ሌላ ተኩ። የመጨረሻው ብዙ ያሳያል፤ አዲሱ መሪ የድሮውን ዕቅድ አፍርሶ ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ ሲሰማ አልነበረም ማለት ነው።

ከሰባቱ ውጭ አንድ ሰው ዳር ቆሞ ማስታወሻ ይያዝ። የሚጻፈው «ጎበዝ ነው» ሳይሆን የታየው ነው፦ በስንተኛው ደቂቃ ተናገረ? ያዘዘው ማንን ነው፣ ወይስ «እስቲ አንዱ ይያዝ» አለ? «አንዱ» የሚባል ሰው በቡድኑ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ማንም አይይዝም። ጣውላውን ራሱ ተሸክሞ ሲታገል ጀርባውን ለቡድኑ ሰጠ? መሪ እጁ በዕቃ ከተያዘ ዓይኑም ተያዘ።

ደቦ ያስተባበረ፣ የሠርግ ድንኳን ያስተከለ ወጣት በዚህ ሥራ ከዩኒቨርሲቲ ምሩቁ ሲሻል ብዙ ጊዜ ይታያል። ማን ካስማ እንደሚይዝ፣ ማን ወጥ ቤቱን እንደሚያይ ሳይጮህ ማደላደል ለምዷል። ቃለ መጠይቅ ላይ «የመሪነት ልምድ አለህ?» ሲባል ግን «የለኝም» ብሎ ይመልሳል። አለው።

ትዕዛዝ መስጠት

የብዙ ሀገር ጦር ትዕዛዝ የሚሰጠው በአምስት ርዕስ ነው፦ ሁኔታ፣ ግዳጅ፣ አፈጻጸም፣ አስተዳደርና ሎጂስቲክስ፣ አመራርና ግንኙነት። ቅደም ተከተሉ ሰው ሲደክምም እንዳይዘነጋ ተብሎ የተሠራ ነው። ለጣውላው ሥራ በአንድ ደቂቃ እንዲህ ይባላል፦

«ሁኔታ፦ 3.6 ሜትር ገደል፣ ሁለት ጣውላ፣ አንድ ገመድ፣ 15 ደቂቃ አለን፤ 4 አልፏል። ግዳጅ፦ ሰባታችንም ጀሪካኑን ይዘን መሬት ሳንነካ እንሻገራለን። እደግማለሁ፤ ሰባታችንም ጀሪካኑን ይዘን መሬት ሳንነካ እንሻገራለን። አፈጻጸም፦ 1፣ 2 እና 3 ቁጥር ጭራው ላይ፤ እኔ ውረዱ ሳልል አትወርዱም። 4 ቁጥር አጭሩን ጣውላ ያወርዳል። 5 ቁጥር ጀሪካን። አስተዳደር፦ ገመዱ 4 ቁጥር ጋ ነው፤ ሥራው እንዳለቀ ወደ 1 ቁጥር ይመለሳል። አመራር፦ እኔ ከጠርዙ አጠገብ ነኝ፤ እኔ ከተሻገርኩ በዚህኛው ወገን 1 ቁጥር ያዝዛል። 3 ቁጥር፣ ሥራሽ ምንድን ነው?»

ግዳጁ ሁለቴ የሚነገረው ለማሳመር አይደለም፤ በመጀመሪያው ግማሹ ሰው ገና ገመዱን እያየ ነው። የመጨረሻው ጥያቄም «ገባችሁ?» አይደለም። «ገባችሁ?» ሲባል ያልገባው ሰው «አዎ» ይላል። ሥራውን ደግሞ እንዲናገር ማድረግ ነው።

ጊዜን በሦስት ከፍሉት፤ አንድ ሦስተኛው ለመሪው ማሰቢያና መናገሪያ፣ ሁለት ሦስተኛው ለሠራተኞቹ። በ15 ደቂቃ ውስጥ 5 ደቂቃ የእናንተ ነው። ጀማሪ መሪ 11 ደቂቃ አስቦ ድንቅ ዕቅድ ያወጣል፤ ቡድኑ 4 ደቂቃ ይቀረዋል።

የዕቅድ ፈተና

ወረቀት ላይ ታሪክና ካርታ ይሰጣል፤ ሰዓትና ርቀት እያሰላችሁ ውሳኔ ታቀርባላችሁ፤ ከዚያ መራጩ በጥያቄ ያጣድፋችኋል። የምንለማመድበት አንድ ጥያቄ ይኸውና (ቁጥሮቹ ለልምምድ የተፈጠሩ ናቸው)፦

ከሐይቁ ዳር አንድ መንደር ውስጥ የታመመ ሰው አለ። ሰዓቱ 09:40 ነው፤ ባሕር ዳር ሆስፒታል ከ12:00 በፊት መድረስ አለበት። አማራጭ አንድ፦ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደብ ላይ ጀልባ አለ፤ በቃሬዛ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ይኬዳል፤ ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር በውኃ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር። ጀልባው 10 ሊትር ነዳጅ አለው፣ በሰዓት 8 ይበላል። አማራጭ ሁለት፦ መኪና በ20 ደቂቃ ይደርሳል፤ 6 ኪሎ ሜትር ሄዶ መንገዱ ተቆርጧል፤ 2 ኪሎ ሜትር በቃሬዛ፤ ከዚያ 16 ኪሎ ሜትር በሌላ መኪና። መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

ጀልባው፦ 60 ደቂቃ ሲደመር 75፣ 135 ደቂቃ፤ 11:55። ሰዓቱ ይበቃል። ነዳጁ? 75 ደቂቃ በሰዓት 8 ሊትር ልክ 10 ሊትር ነው፤ ጠብታ አይተርፍም። ጣና ላይ ነፋስ ቢነሣ ሐይቁ መሐል ቆመ። መንገዱ፦ 20፣ 12፣ 40፣ 32፤ ድምሩ 104 ደቂቃ፤ 11:24። 36 ደቂቃ ትርፍ አለው፤ የተንጠለጠለው ግን ሁለተኛው መኪና አሁኑኑ በመጠራቱ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቃሬዛ ማንሳት ሳይሆን ስልክ መደወል ነው። ይህን ያልጠቀሰ እጩ ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ጥያቄ ይወርድበታል።

ሰዓት ላይ የእኛ ልጆች በተለይ የሚሠሩት ስሕተት አለ። ወታደራዊ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠር ባለ 24 ነው፤ 09:40 ማለት ከጠዋቱ 3:40። ግማሹን ስሌት በሀገርኛ፣ ግማሹን በ24 የሠራ ሰው ስድስት ሰዓት ይጠፋበታል። ገና ወረቀቱን ሲቀበሉ አናቱ ላይ «ሁሉም በ24» ብሎ መጻፍ ይህን ያድናል። 24ቱ ካልተስማማችሁ ደግሞ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ተከተሉት። መራጩ «ጀልባው ለምን አልተመረጠም?» ሲል ምርጫችሁን አትለውጡ፤ ሊያናውጣችሁ ነው። የምትለውጡት አዲስ እውነታ ከጨመረ ብቻ ነው።

ካርታና ኮምፓስ

የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ባሳተመው 1:50,000 ካርታ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው፤ በሁለት የከፍታ መስመሮች መሐል 20 ሜትር። የባሕር ዳር ዙሪያ ሜዳ ስለሆነ መስመሮቹ ይራራቃሉ፤ ከፍታን ብቻ ይዞ ቦታን ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ቤዛዊትን፣ የዓባይን መታጠፊያና የሐይቁን ጠርዝ መልሕቅ አድርጉ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ስልክ ነው። እነዚያ ካርታዎች የተሠሩት «አዲንዳን» በሚባለው የመነሻ ስሌት ነው፤ ስልክ የሚሰጠው ደግሞ በ«ደብሊው ጂ ኤስ 84» ነው። ሁለቱ መሬት ላይ 200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። ስልኩ ያነበበውን ቁጥር በቀጥታ ካርታው ላይ ያስቀመጠ ሰው ራሱን ከወንዙ ማዶ ያገኘዋል፤ ከዚያ «ካርታው አርጅቷል» ይላል። ባሕር ዳር በ«ዩቲኤም» 37ኛው ዞን ውስጥ ናት።

እርምጃ መቁጠር፦ የታወቀ 100 ሜትር ለክታችሁ የግራ እግር ብቻ እየቆጠራችሁ ሦስት ጊዜ ሂዱና አማካዩን ያዙ፤ ለብዙ ሰው ከ60 እስከ 70 መሐል ይወድቃል። ጭነት ሲይዙና ጭቃ ላይ ቁጥሩ ስለሚጨምር ለየብቻው ይለካ። በየ100 ሜትሩ አንድ ጠጠር ከኪስ ወደ ኪስ ማዛወር ከጭንቅላት ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ካርታ፣ ኮምፓስና ከባድ ሻንጣ ይዞ በማለዳ ሜዳ ለሜዳ መዞር ጥያቄ ያስነሣል። ቀበሌውን አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ መታወቂያ ያዙ፤ የወታደር የሚመስል ልብስ አትልበሱ፤ ድልድይ አጠገብ ቆሞ አቅጣጫ ከመለካትም ታቀቡ። ሰዓት እላፊ ካለ ልምምዱ ለዚያ ይገዛል።

ውይይትና ቃለ መጠይቅ

የቡድን ውይይት ላይ የእኛ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። በዕድሜ የሚበልጠው እስኪጨርስ ዝም ማለት ቤት ውስጥ ምግባር ነው፤ ውይይት ላይ ግን መዛኙ የሚጽፈው ባዶ ይሆናል። መድኃኒቱ መጮህ አይደለም። ሌላው ያለውን በስሙ ጠርቶ ማንሳትና አንድ እርምጃ ወደፊት መውሰድ ነው፦ «እርስዎ ያሉት የውኃው ጉዳይ ትክክል ነው፤ ታዲያ ስንት ጀሪካን ያስፈልጋል?» በዕድሜ ለሚበልጠው «እርስዎ» ማለት ሥልጣናችሁን አይቀንሰውም። ዝም ያለውን ሰው መጋበዝም ይመዘገባል፤ ሦስት ጊዜ ከጋበዛችሁ ግን ራሳችሁ ሐሳብ የላችሁም ማለት ነው።

ቃለ መጠይቁ ላይ «ለምን መኮንን መሆን ፈለግህ?» ለሚለው የሀገር ፍቅር ንግግር አታዘጋጁ፤ ሁሉም እሱኑ ይዞ ይመጣል። ከእጃችሁ የወጣ ሥራ ተናገሩ፤ ማን ነበር፣ ምን ተበላሸ፣ ምን አደረጋችሁ። የወደቃችሁበትን ነገር መደበቅም አያዋጣም፤ የሥነ ልቦናው ወረቀት ላይ ሌላ ጽፋችሁ እዚህ ሌላ ከተናገራችሁ መዛኞቹ መጨረሻ ላይ ሲገናኙ ይታያል።

ከተመረጡ በኋላ

ሥልጠናው በየትም ሀገር ተመሳሳይ አቀበት አለው። የእንግሊዙ ሳንድኸርስት 44 ሳምንት በሦስት ክፍል ይሰጣል፤ አጽመ ሐሳቡ ግን ከዚህ ውጭም የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ ተራ ወታደር ያደርጉሃል፤ አልጋ ማንጠፍ፣ መሣሪያ፣ ሰልፍ፣ እንቅልፍ ማጣት። ቀጥሎ ጓድ መምራት፤ ከዚያ ጋንታ፣ ማለትም ጥቂት ጓዶችን የያዘ ክፍል። በመሐሉ የጦርነት ሕግ ይገባል፤ የ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነቶች ስለ ቁስለኛ፣ ስለ ምርኮኛና ስለ ሲቪል የሚሉትን ትዕዛዝ ሰጪው ካላወቀ የበታቹ አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆን ተብለው ጊዜ አይበቃቸውም። አምስት ሥራ ይሰጥና ለሦስቱ የሚበቃ ሰዓት አለ፤ የሚታየው የትኞቹን ሁለቱን እንደምትተዉ ነው። ለብቻው አልጋውን አሳምሮ ጎረቤቱን የረሳ ሰልጣኝ ሙሉ ክፍሉን ያስቀጣል።

የመሪነት ተራው በዙር ይደርሳል። ተራችሁ ባልሆነበት ቀን የምታሳዩት ባሕርይ በተራችሁ ቀን ይመለሳል፤ ትናንት መሪ ሆኖ ያሾፋችሁበት ልጅ፣ ዛሬ ጭራው ላይ የቆመው እሱ ነው። ተራው ሲደርስ ደግሞ በጋንታው ውስጥ ልምድ ያለውን ሃምሳ አለቃ ወይም ከወታደርነት የመጣውን ሰልጣኝ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው። ውሳኔው የእናንተ፣ ምክሩ የእሱ መሆኑን ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ምክትል መቶ አለቃ ሆነው ክፍል የሚመደቡትም ላይ ይኸው ይሠራል፦ ከመጀመሪያው ንግግር በፊት የስም ዝርዝሩን፣ የመሣሪያ ቁጥሩን፣ የታመሙትንና ፈቃድ የወጡትን ከሃምሳ አለቃው ተቀበሉ፤ ቆጥራችሁም ፈርሙ።

ምሽት ላይ ጉዞ ካለቀ በኋላ ካልሲ እንዲያወልቁ እዘዙና እግር በእግር እዩ። አስቀድማችሁ የራሳችሁን አውልቁ።